ምላስ ዝም ሲል ፊት ይናገራል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ሰው የሚናገረው በምላሱ ብቻ አይደለም። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ሽማግሌ ወደ ቤት ሲገቡ ከመቀመጫችን ብድግ እንላለን። ስንጨብጣቸው ቀኝ ክንዳችንን በግራ እጃችን እንደግፋለን፤ የቡና ስኒውንም በአክብሮት ጎንበስ ብለን እናቀርባለን። «አከብርዎታለሁ» የሚል ቃል ከአፋችን ባይወጣም እርሳቸው ሰምተውታል።

ንቀትም እንዲሁ ያለ ቃል ይሰማል። በጉራጌ አገር እንጨት የሚጠርቡና ሸክላ የሚሠሩ ባለሙያዎች «ፉጋ» እየተባሉ ለብዙ ዘመን ተገልለው ኖረዋል። ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብና መጋባት ተከልክለው ነበር። ዛሬ በአፉ «ሁላችንም የአደም ልጆች ነን» የሚል ሰው፣ የቤቱን ምሰሶ ላቆመለት ባለሙያ እጁን ሳይዘረጋ ቢቀር፣ ስኒም ለይቶ ቢያቀርብለት፣ ምን ተናገረ ማለት ነው?

የሱረቱ ዐበሰን ታሪክ እናስታውስ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽ ታላላቆችን ወደ ኢስላም እየጠሩ ሳለ ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ለመማር መጡ። ንግግራቸው ሲቋረጥ ነብዩ ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ዘወርም አሉ። አላህም (ሱ.ወ) በዚህ ወቀሳቸው። ልብ በሉ! ዐብደላህ ያንን ፊት አላዩትም። ያልታየ ፊት ይህን ያህል ከከበደ፣ ሰው እያየን፣ ልጁም አጠገቡ ቆሞ የምናዞርበት ፊትማ እንዴት ይሆን? ነብዩ ከዚያ በኋላ ዐብደላህን አከበሩ፤ ከመዲና ሲወጡም ሕዝቡን እንዲያሰግዱ ይተኳቸው ነበር።

ሉቅማንም ልጃቸውን ሲመክሩ ጉንጩን በኩራት ከሰዎች እንዳያዞር አስጠንቅቀውታል። በሐዲስም ለወንድም ፊት ፈገግ ማለት ሰደቃ መሆኑ ተነግሮናል። ይህ ሰደቃ ገንዘብ አይጠይቅም።

እናቶችና አባቶች! ልጆቻችን ይህን ቋንቋ ከመድረሳ ቀድመው የሚማሩት ከእኛ ፊትና እጅ ነው። ሸክላ የምትሸጥ እናት ከበራችን ስትቆም ልጆቻችን እያዩ በፈገግታ እንቀበላት። ወደ ውስጥ እናስገባት፤ እኛ በምንጠጣበት ስኒም ቡና እንቅዳላት። ያን ቀን ልጆቻችን ረጅም ንግግር ሳያስፈልጋቸው ይማራሉ።

አላህ ልባችንንም ፊታችንንም ያሳምርልን። አሚን።