ደም ያለበት ሰው ሲደግስ

(ደባርቅ ላይ በተካሄደው የወጣቶች መድረክ ከቀረቡት ንግግሮች አንዱ ነው። ተናጋሪው ጽሑፉን ስለላከልን እያመሰገንን እንደወረደ አቅርበነዋል።)



ከኔ በፊት የተናገሩት ስለ ታሪካችንና ስለ አደረጃጀት ብዙ ብለዋል። እኔ የማወራው በየኪሳችን ስላለው ነገር ነው። ስለ ስልካችን፣ ከስልካችን ጀርባ ስላሉት ሀብታሞች። በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ እስካሁን በዲግሪዬ ያገኘሁት ወረቀት ቀበሌ የሰጠኝ የሥራ አጥ ካርድ ነው። ስለዚህ ለማንበብ ጊዜ ነበረኝ።

ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ቢል ጌትስ አዲስ አበባ መጥቶ አፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ውስጥ ተናገረ። ከዚያ በፊት ሚያዝያ 30 ላይ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ 200 ቢሊዮን ዶላር ሰጥቶ ፋውንዴሽኑን በ2045 እ.ኤ.አ. እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የጨመረው ከዚህ ገንዘብ አብዛኛው ለአፍሪካ ይውላል የሚለውን ነው። የዚያን ሳምንት የኛ ሰው በየገጹ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «እግዜር ይስጠው፣ እንዲህ ያለ ባለጸጋ ይብዛ» አለ። ግማሹ ደግሞ «በክትባት ውስጥ ቺፕ ቀብሮ ሊጨርሰን ነው» አለ።

እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ከሁለተኛው ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱን የሚያወሩት የኛው ልጆች ናቸው። አያቴ ከወለደቻቸው ዘጠኝ ልጆች አራቱን ቀብራለች። የእህቴ ሦስት ልጆች ሦስቱም በሕይወት አሉ። ጤና ኬላ ሄደው የተወጉት ፔንታቫለንት፣ አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት፣ በ2007 እ.ኤ.አ. አገራችን የገባው ጋቪ በሚባለው ድርጅት ድጋፍ ነው፤ ጋቪ በ2000 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ደግሞ ጌትስ ፋውንዴሽን 750 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። ይህ ሐቅ ነው። ስለ ቺፑ የሚያወራው ቪዲዮ ግን ማስረጃ የለውም፤ ያለው ተመልካች ብቻ ነው። ሀብታምን ለመጠርጠር ሐሰት አያስፈልገንም፤ እውነቱ ይበቃል።

አሁን ወደ «እግዜር ይስጠው» ልምጣ። ምስጋናው ነውር የለበትም። ችግሩ ከምስጋናው ቀጥሎ ጥያቄ አለመኖሩ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ጌትስ ፋውንዴሽንና ሮክፌለር ፋውንዴሽን አግራ የሚባል የአፍሪካ የእርሻ ጥምረት አቋቋሙ። እስከ 2020 የሚሊዮኖችን ገበሬ ምርትና ገቢ እጥፍ እናደርጋለን ተብሎ ነበር። 2020 ደረሰ፣ ግቡ አልተሳካም። አንድ የወረዳ ግብርና ኃላፊ እንዲህ ቢል ቢያንስ በስብሰባ ላይ «አንተ ሰውዬ፣ የዛሬ ዓመት ምን ብለኸን ነበር?» የሚለው ሽማግሌ አይጠፋም። ሲያትል ያለውን ሰው ግን የትኛው ገበሬ ይጠይቀዋል? አልመረጥነውም፣ ልናወርደውም አንችልም።

የሰጪ ሐሳብ ሲቀየር ደግሞ ተቀባዩ የሚይዘው የለውም። የዓለም አንደኛ ሀብታም የሚባለው ኢሎን ማስክ በ2025 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ መንግሥት ውስጥ ገብቶ ዩኤስኤአይዲን ሲያፈርስ፣ ቅዳሜና እሁዱን ድርጅቱን ወደ እንጨት መፍጫ ሲወረውር እንዳሳለፈ በራሱ በኤክስ ገጽ ላይ ጻፈ። እንደ ቀልድ ነው የጻፈው። አገራችን ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የአሜሪካንን እርዳታ በብዛት ከሚቀበሉት መሪዋ ነበረች። በ2015 ዓ.ም. ጃናሞራ፣ በየዳና ጠለምት በድርቅ ሲመቱ እህል የጫነ መኪና ስንጠብቅ የነበርን እኛ ነን። ዳባት አጠገብ አለምዋጭ መጠለያ ውስጥ ያሉት የኤርትራ ስደተኞችም እስካሁን የሰው እጅ ነው የሚያዩት። በዚህ ላይ ማስክን ብቻ አልወቅስም፤ ሆዱን በሌላ ሰው ፊርማ ላይ ያሳደረ አገርም ጥፋት አለበት። ይህን ግን ሌላ ቀን እናወራዋለን፤ ሰዓት እያየሁ ነው።

ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ማርክ ዙከርበርግ ነው።

ኅዳር 2008 ዓ.ም. ዙከርበርግና ባለቤቱ ፕሪሲላ ቻን ልጅ ሲወለድላቸው፣ ካላቸው የፌስቡክ አክሲዮን 99 በመቶውን በሕይወት ዘመናችን ለሰው ልጆች ጥቅም እንሰጣለን ብለው አስታወቁ። በጊዜው ወደ 45 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ነበር። ዓለም አጨበጨበ። ያቋቋሙት ድርጅት ግን በሕግ የበጎ አድራጎት ማኅበር አልነበረም፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ ነው። ለትርፍ ሊነግድበት ይችላል፣ ፖለቲካም ላይ ሊያወጣው ይችላል፣ የሚያዝበትም እሱው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለድሃ ልጆች በነጻ ያስተምር የነበረውን ትምህርት ቤታቸውን ደግሞ በ2025 እንደሚዘጉት ተነገረ። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ወላጆች እንኳ እንዲህ ከሆኑ፣ እኛ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ያለነው ምን ልንሆን ነው?

ገንዘቡ የሚመጣው ግን ከየት ነው? በከፊል ከኛ ነው። ብር ስለከፈልነው አይደለም፤ የሚሸጠው ዓይናችንን ነው። ፌስቡክ አንድን ጽሑፍ ከሌላው በላይ የሚያወጣበት ስሌት አለ፤ አልጎሪዝም ይሉታል። ስሌቱ «ይህ እውነት ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ይህን ያየ ሰው ይነካዋል? ይሰድባል? ያጋራል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሰው ደግሞ ሲናደድ ስልኩን አያስቀምጥም።

እዚህ ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂደው የሕዝብና የጤና ምዝገባ አለ፤ ልደት፣ ሞት፣ ከቀየ መውጣት ይመዘግባል። ብዙዎቻችሁ መዝጋቢዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሲመጡ በር ያንኳኳሉ፣ ውሻ ያዙልን ይላሉ፣ ቁጭ ብለው ይጠይቃሉ፤ እማማ ካልፈለጉ «ዛሬ አልመችም» ይሏቸዋል። ስልካችን ውስጥ ያለው መዝጋቢ ግን አያንኳኳም። ምን እንደሚያስለቅሰን፣ በማን ስም እንደምንቆጣ ጽፎ ይዟል።

አሁን የሚከብደው ላይ ደርሻለሁ። ጭናን የማያውቅ እዚህ የለም። በነሐሴ 2013 መጨረሻ ጭና ተክለ ሃይማኖት ላይ የሕወሓት ታጣቂዎች የገደሏቸው ሰዎች፣ የአካባቢው ባለሥልጣናት እንዳሉት ከመቶ በላይ ነበሩ። ገበሬ፣ ሴት፣ ሽማግሌ፣ ቄስ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ዘመድ የቀበራችሁ አላችሁ። ያን ሰሞን ሐዘናችን ሁሉ ስልክ ላይ ነበር፣ ማልቀሻችንም እሱ ነበር። እኛ እንባችንን ስናፈስ ለካ ለባለቤቶቹ ያ እንባ ትራፊክ ነው።

ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ በባሕር ዳር ምን ሆነ? ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ ትግራዋይ ናቸው። ፌስቡክ ላይ ፎቷቸውና የት እንደሚኖሩ የሚናገር ጽሑፍ ወጣ፤ ከሕወሓት ጋር አላቸው ተባለ። ልጃቸው አብርሃም ጽሑፉ እንዲነሳ ደጋግሞ አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ በቤታቸው በር ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጁ እንደሚለው ከጽሑፎቹ አንዱ ይነሳል የሚለው መልስ የመጣው አባቱ ከሞቱ ከቀናት በኋላ ነው።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «ጭናን አንስተህ እንዴት ወደዚህ ትመጣለህ?» እያላችሁ ነው። አጉረምራሚ እሰማለሁ። ቆይ፣ ልጨርስ። የጭና ደም ደም ነው። የባሕር ዳሩ መምህር ግን ጭናን አልገደሉም። የገደሏቸው ሰዎች ጭናን አልተበቀሉም፤ በሐዘናችን ስም ሌላ ቤት ሐዘን አስገቡ።

ከዚያ ወር ቀደም ብሎ፣ መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ፌስቡክ ውስጥ ትሠራ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ይህ ስሌት እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የዘር ግጭት እያራገበ ነው ብላ መስክራ ነበር። አገራችንን በስም ጠርታለች። እንግዲህ አላወቁም ማለት አይቻልም።

አብርሃም ማዕረግ፣ የአምነስቲው ፍስሃ ተክሌና ካቲባ የሚባለው የኬንያ ተቋም ታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሱ። ከከሳሾቹ ወገን እንደተባለው፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ጽሑፍ የሚመረምሩት 25 ሰዎች ገደማ ነበሩ፤ እነሱም በሦስት ቋንቋ ብቻ። ሜታ በበኩሉ ጥላቻና የግድያ ቅስቀሳ በደንቡ የተከለከለ እንደሆነ፣ ቋንቋችንን የሚያውቁ ሠራተኞች እንዳሉት ይመልሳል። ኬንያ ውስጥ ልከሰስ አይገባም ብሎም ተከራክሯል። መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ማየት እችላለሁ ብሎ ወሰነ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ገና ጥፋተኛ ነው አልተባለም፤ መከሰስ ይችላል ነው የተባለው።

ከሳሾቹ የጠየቁት ስሌቱ እንዲስተካከል፣ በቂ መርማሪ እንዲቀጠርና ለተጎጂዎች 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የካሳ ፈንድ እንዲቋቋም ነው። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል። ሜታ በ2024 እ.ኤ.አ. ያገኘው የተጣራ ትርፍ 62 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። አካፍሉት፤ የአሥር ቀን ትርፍ አይሞላም። ሰውዬው ለሰው ልጅ ሁሉ እሰጣለሁ ካለው 45 ቢሊዮን ጋርም አስተያዩት።

በአገራችን ወግ ደም ያለበት ሰው ምን ያደርጋል? ድግስ ደግሶ መንደሩን አይጠራም። ቢጠራስ ማን ይሄድለታል? መጀመሪያ ሽማግሌ ይልካል። አጥፍቻለሁ ይላል። ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል፤ ካሳ ይቆረጥበታል፣ ይከፍላል፣ ደም ይደርቃል። እንጀራ የሚቆረሰው ከዚያ በኋላ ነው። የካሳውን መጠን የሚወስኑት ሽማግሎች ናቸው፣ ገዳዩ አይደለም። ስጦታ ግን ሰጪው በፈለገው ቀን፣ በፈለገው መጠን፣ ለወደደው ሰው ነው። ለዚህ ነው እነዚህ ሰዎች ስጦታ የሚወዱት። በናይሮቢ ያለው ክስ ከጌትስ 200 ቢሊዮን በላይ ለኔ የሚያጓጓኝም ለዚሁ ነው፤ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ልመና ሳይሆን ካሳ ተጠየቀ።

«ታዲያ መንግሥት ኢንተርኔት ሲዘጋ ልክ ነበር ልትል ነው?» የሚለኝ ይኖራል። በጭራሽ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን የተዘጋው ለወራት ነው። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ የምንሰማው ከመንገደኛ አፍ ነበር፤ አረብ አገር ያለች እህት ለእናቷ ድምፅዋን ማሰማት አልቻለችም። የዘጋው ጥላቻን ሳይሆን ዓይናችንን ነው። አንዱ ባለሥልጣን ገመዱን ይቆርጣል፣ ሌላው ባለሀብት በገመዱ እሳት ይልካል፤ እኛን የጠየቀን ማንም የለም።

ከሁለቱ ሌላ ግን አንድ ሦስተኛ ሰው አለ። እኔ።

ጥቅምት 2014 ላይ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ በጦርነቱ ምክንያት ቤት ተቀምጫለሁ። አንድ ምሽት ገበያ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ ሰው ፎቶ ስልኬ ላይ አየሁ። «ይህን ሰው እወቁት» ይላል፤ ሰላይ ነው ይላል። ሰውየውን አውቀዋለሁ። አባቴ የቤታችንን ጣሪያ ቆርቆሮ የገዛው ከሱ በዱቤ ነው። ሰላይ መሆኑን የሚያሳይ አንድም ነገር አላየሁም፤ ያየሁት የተሰበሰበውን ላይክ ነው። ሼር አደረግኩት። በላዩም «ንቁ!» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በፊት የጻፍኩት ሁሉ አሥር ላይክ አልፎ አያውቅም፤ ያ ግን በአንድ ሌሊት መቶ አለፈ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

ከሳምንት በኋላ ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁት። ታሠረ አሉ፣ ሄደ አሉ። ልጁ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ነበር፤ ተመልሶ ትምህርት ቤት አልመጣም። አባቴ የቀረውን የዱቤ ብር የሚከፍለው ሰው አጥቶ እስካሁን በመሐረብ ቋጥሮ አስቀምጦታል። የኔን ነገር ግን አያውቅም። ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ፤ እናንተ ሳትነግሩት በፊት።

በቅርቡ ደግሞ አንድ ጓደኛዬ «ሥራ ከምትፈልግ ገጽ ክፈት» አለኝ። «ቁጣ ነው የሚሄደው፤ ተመልካች ከበዛ ዶላር ነው» አለኝ። ውሸቱን አይደለም። ኪሴ ባዶ ስለሆነ ሁለት ቀን አስቤበታለሁ። ሐሳቡን የተውኩት ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም፤ በመሐረብ የታሰረችው ብር ስለታየችኝ ነው።

ያን ጽሑፍ ባለፈው ሳምንት ወደ ኋላ ሄጄ ፈልጌ አገኘሁትና ከገጼ አጠፋሁት። ከማጥፋቴ በፊት ግን ከስሩ ኮሜንት የጻፉትን፣ «እኔም ሼር አድርጌያለሁ» ያሉትን ስሞች አንብቤያለሁ። ከነሱ ውስጥ አሁን እዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ አላችሁ። ስም አልጠራም። የኔ ስልክ ባትሪ ስላለው፣ ዋይፋይም ከውጭ በረንዳው ላይ ስለሚይዝ፣ ከስብሰባው በኋላ እዚያው ነኝ፤ ወደ ኋላ ሄዶ መፈለግ የማይችል ካለ አሳየዋለሁ።