የደረጃው አምፖል የማን ነው?

(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የተነገረ)



ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን ያረፉ ዕለት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። ሳጥኑን ተሸክመን ስንወርድ፣ ቀን ቢሆንም ደረጃው ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነበር፤ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ የእጅ መደገፊያው ብረት ተነቅሏል። ከተሸካሚዎቹ የአንዱን እግር አዳለጠውና ሳጥኑ ከግድግዳው ተላተመ። ልጆቻቸው ቆመው እያዩ! አፈርን።

በኋላ ብንጠይቅ፣ የምድር ቤቱ ነዋሪ «እኔ ደረጃ አልወጣ፣ ምን አገባኝ» አለን። የላይኞቹ ማኅበሩ ያሠራው አሉ። ማኅበሩ ደግሞ መዋጮ የሚከፍል የለም አለ።

ነገሩ ከየት እንደመጣብን እናውቃለን። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ ወዲህ፣ አራዳ ውስጥ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት በኪራይ ቤቶች እጅ ነበሩ። ጣራው ሲያፈስ ማመልከቻ እንጽፋለን፤ እስኪመጡልን ባልዲ እንደቅናለን። የጋራ መጸዳጃውን ግን ማንም ሳያዘን በየተራ እናጥብ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ወደ ጋራ ሕንፃ የገባነው ማመልከቻውን ይዘን ተራውን ጥለን ሄድን።

ታዲያ አሁን ማመልከቻው ለማን ይጻፍ? ባለቤቶቹ እኮ እኛው ነን። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከየግል ቤታችን ውጭ ያለውን፣ ጣራውን፣ ደረጃውን፣ መተላለፊያውን፣ የጋራ ይለዋል፤ አስተዳዳሪው የባለቤቶች ማኅበር ነው፣ ወጪውንም ባለቤቶች እንደየድርሻቸው ይሸፍናሉ። የምድር ቤቱ ወንድማችን፣ ጣራው ለእርስዎም ነው ያለው። «ዘንድሮ ቤቴ ሰው አልሞተም» ብሎ የእድር መዋጮ ያስቀረ ሰው አይተን እናውቃለን እንዴ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 2077፣ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። ያ ልጅ እግሩ ተሰብሮ ቢሆን ካሣውን ከማን ሊጠይቅ ኖሯል?

ቤታችሁን አከራይታችሁ ሌላ ቦታ የምትኖሩም አላችሁ። ድርሻው የባለቤቱ ነውና ተከራዩን አታስጨንቁት።

ብረቱ እስከ ዛሬ አልተበየደም። በያጁ መጥቶ አይቶታል። እሑድ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት በሕንፃው ግቢ እንሰበሰባለን፤ የምድር ቤቱ ወንድማችንም እንዳይቀሩብን።