የተማሪዎች ሣቅ በ«ናኑክ» ፊልም ላይ



ሮበርት ፍላኸርቲ በ1922 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የኢኑዊት ፊልም «ናኑክ»ን፥ በዚህ በጅቡቲ ከተማ ለተማሪዎች ባሳየንበት ቀን፥ አዳኙ የሙዚቃ ሸክላ በጥርሱ ሲነክስ አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ። በሰሌን ጎጆ ያደገች አንዲት የአፋር ልጅ ግን አልሣቀችም፤ ድቡልቡሉን የበረዶ ቤት አይታ፥ «የእናቴን ቤት ይመስላል» አለች። ይህ ቃል አዳራሹን ጸጥ አሰኘው።

የነገሩን ውስጥ የገለጽነው ከዚያ በኋላ ነው። ሸክላውን መንከስ ለካሜራ የተሰናዳ ነበር፤ ቤቱም ብርሃን እንዲገባ ግማሹ ክፍት ሆኖ ተሠራ፤ አዳኞቹም ጠመንጃ እያላቸው በጦር እንዲያድኑ ተደረገ። ቀድሞ የሣቀ አንድ ልጅ እጁን አነሣና፥ «እኛንስ ፊልም ሲያነሡን ምናችንን ደብቁ ይሉን ይሆን?» ሲል ጠየቀ።