የሠርጉ ዲቪዲ ሳይበላሽ

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ የሠርግ ዲቪዲያችሁ የት ነው ያለው? የብዙዎቻችን ከቴሌቪዥኑ ሥር አቧራ ለብሷል።

እሱ፦ ማጫወቻውስ አለ እንዴ! ደግሞ ቪዲዮ ቤት የተገለበጠልን ዲስክ ምስሉን የያዘው በስስ ቀለም ላይ ነው። ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል።

እሷ፦ ታዲያ ሊኑክስ ለሚጠቀም ሰው ምን ይሻላል?

እሱ፦ በቅድሚያ ዲስኩን እንዳለ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ። ባለ አንድ ንብርብሩ 4.7 ጊጋባይት ነው። ለተጫጫረው ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ደህና ደህናውን ቀድሞ ያወጣና ወደ አስቸጋሪው ይመለሳል። የት እንደደረሰ ስለሚመዘግብም በሌላ ማንበቢያ መቀጠል ይቻላል። እኔ በዚህ ነው የምወደው።

እሷ፦ ሃንድብሬክ የሚባለው ፕሮግራምስ?

እሱ፦ እሱ ፋይሉን አሳንሶ ለስልክ ያመቻቻል፤ ጥራቱ ግን ይቀንሳል። ዋናውን ቅጂ እንዳትሰርዙ!

እሷ፦ ከሱቅ የተገዙ ብዙ ፊልሞች ግን መገልበጥን የሚከለክል ቁልፍ አለባቸው።

እሱ፦ አዎ። እ.ኤ.አ. በ1999 ቁልፉን የሚፈታ ፕሮግራም በማውጣቱ የተከሰሰው ኖርዌያዊው ዮን ሌክ ዮሃንሰን በ2003 በነፃ ተሰናብቷል። የአሜሪካ ሕግ ግን ቁልፉን መፍታትን በጥቅሉ ይከለክላል።

እሷ፦ የሠርጉ ዲስክ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። እባካችሁ በዚህ ሳምንት ገልብጡና ሁለት ቦታ አስቀምጡት።