የዕድራችን ጥሩንባ ለምን ይነፋል?



እንደምታውቁት የዕድራችን ጥሩንባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። ጎሕ ሲቀድ ጥሩንባው ሲሰማ ማን እንደ ሞተ፣ ቀብሩም የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ እናውቃለን፤ ሥራችንን ትተን እንወጣለን። ለሟች ቤተሰብ ስለሚሰጠው ገንዘብ ግን ጥሩንባ ተነፍቶ አያውቅም። ዳኛውና ገንዘብ ያዡ ያስረክባሉ፣ ተቀባዩ ይፈርማል፣ መዝገቡ ይዘጋል። በቃ።

ይህ ልማዳችን ከወንጌል የራቀ አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋት ስንሰጥ በፊታችን መለከት እንዳናስነፋ አዞናል። በምዕራፍ 8ም ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ እንጂ ለማንም እንዳያወራ ነው የነገረው።

ዛሬ ግን መለከቱ በየኪሳችን ገብቷል፤ ስልክ እንለዋለን። ለአንዲት ችግረኛ እናት ጤፍና ዘይት ስንወስድ አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሳይመሽ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። እኛ እንመሰገናለን። እርሷስ? ዘይቱ በወሩ ያልቃል፣ ፎቶግራፉ ግን አያልቅም። ልጇ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጓደኞቹ አይተውት ይጠብቁታል። «አታንሡኝ» እንዳትል ደግሞ በእጇ ያለው እህል አፏን ይይዘዋል። ታዲያ ይህ መስጠት ነው ወይስ በዘይት ፊቷን መግዛት?

የመርዶም ነገር አለ። አባቶቻችን መርዶ የሚያረዱት ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ባለ ኃዘኑን የሚደግፍ ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው። አሁን ግን ሬሳው ከቤት ሳይወጣ የሟች ፎቶግራፍ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይዞራል። ቤይሩት ወይም ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ አይዞሽ የሚላት አንድ ዘመድ በሌለበት፣ የእናቷን ሞት ከስልክ ላይ ታነባለች። ይኼ በክፋት የሚደረግ አይደለም፤ ቀድሞ ተናገረ ለመባል መቸኮል ነው። ትሕትና ግን አንዳንዴ እያወቁ ዝም ማለትም ነው። የዕድራችን ጥሩንባ እንኳ ከሰፈራችን አልፎ አይሰማም፤ የሚጠራው ቀብር ሊደርስ የሚችለውን ብቻ ነው።

ሕጉም ቢሆን ይህንኑ ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ የሚጠበቅበት አዋጅ ወጥቷል። እኛ ግን ሕግ ስላስገደደን ሳይሆን የጎረቤት ገመና የራሳችን ገመና ስለሆነ እንጠንቀቅ።

ስለዚህ እንዲህ ብናደርግ መልካም ይመስለናል፦

1ኛ/ እርዳታ ስንሰጥ ስልካችን ከኪሳችን አይውጣ፤ ለሒሳቡ ደረሰኝና ፊርማ ይበቃል።

2ኛ/ በድንኳን ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ፎቶግራፍ አይነሣ።

3ኛ/ ሩቅ ላሉት ልጆች መርዶው ሳይነገር፣ ቤተሰቡም ሳይፈቅድ፣ ስለ ሞቱ ምንም አይለጠፍ።

ለታመመ ሰው በስልክ ገንዘብ መሰብሰቡን አንቃወምም፤ ሕመምተኛው ራሱ ተጠይቆ እሺ ይበል ነው የምንለው።

እግዚአብሔር ለሟቾቻችን ዕረፍትን፣ ለቀረነው ፍቅርን ይስጠን። አሜን።