ፀሐይ ትመለስ ወይስ ትቅር?

(በተመራቂዎች ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስሜን ፕሮግራሙ ላይ ያያችሁ ስለ ሕፃናት ቲቢ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እሱም ይመጣል። መጀመሪያ ግን ስለ አንዲት ቀጭኔ ነው።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ሻይ ላይ ሳለን አንዱ ጓደኛችን «ያቺን ፀሐይን ቴሌቪዥን ላይ ብናስመልሳትስ? ማኅበሩስ ለምን አይደግፍም?» ብሎ ክርክር አስነሳ። አንጋፋ መምህራኖቻችን «የቷ ፀሐይ?» አሉ፤ የእነሱ ልጆች ያደጉት በአባባ ተስፋዬ ነው። ወጣቶቹ ሐኪሞች ግን ወዲያው ገባቸው። አንዷማ ጭራሽ ድምፅዋን አስመስላ አሳቀችን።

ለማታውቋት ባጭሩ ልንገራችሁ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር እኔ ሥራ ከያዝኩ ገና ብዙም አልቆየሁም ነበር። የፈጠሩት የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ናቸው። ሥራው የተጀመረው መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አሻንጉሊቶችም ከካልሲ የተሰፉ ነበሩ። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ድምፅዋ የራሷ የብሩክታዊት ነው። ፊደል ታስተምራለች፣ እጅ መታጠብ ታስተምራለች፣ ከሁሉም በላይ ትጠይቃለች። ብሩክታዊት በዚሁ ሥራዋ በ2010 እ.ኤ.አ. የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት አግኝታለች። ፕሮግራሙም ኋላ ላይ በሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች ተሰርቷል። እኔ ክፍል ለሕክምና የሚመጡ ልጆችን «ፀሐይን ታውቃታለህ? ታውቂያታለሽ?» ብዬ ስጠይቅ ግን መስኮቱን ያሳዩኛል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዚያን ቀን እኔ ተቃዋሚ ነበርኩ። የናፈቀችው እኛን ነው እንጂ ልጆቹን አይደለም፤ የማያውቁትን እንዴት ይናፍቃሉ? አልኩ። የክትባት ማቀዝቀዣው በመብራት መጥፋት የሚበላሽበት ጤና ጣቢያ እያለ ስለ ካልሲ እንከራከራለን ወይ? ያለው ወዳጄም ትክክል መሰለኝ። አባባ ተስፋዬም አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ተረት ነገሩን፣ በ2009 ዓ.ም. አረፉ፣ አበቃ። ማንም እሳቸውን እንመልስ አይልም።

ወደ ቤቴ ስነዳ ግን አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ሥራዬ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ነው፤ አንዱ በጅማ መንገድ፣ አንዱ በአምቦ፣ አንዱ በጎጃም መውጫ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል፤ የታክሲ ረዳቶቹ ግን የሚጠሯቸው አሁንም በድሮ ስማቸው ነው። የማወራችሁ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ስለሆነ ነገር ነው፤ የትኛው ጤና ተቋም እንደሆነ ይቅር። ልጅቷ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። የቲቢ መድኃኒት ከጀመረች ሦስተኛ ወሯ ነው። ክብደት አልጨመረችም፣ ሳሉም አልቆመም። እናትየው በየቀኑ እየሰጠኋት ነው ብላ ትምላለች። እኔም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው ብዬ ሪፈር መጻፍ ጀምሬያለሁ። ያኔ የዚያ ሕክምና ምን እንደነበረ ታውቃላችሁ። ለወራት በየቀኑ መርፌ፣ ያውም ጆሮ የሚያደነቁር መርፌ።

ልጅቷ እኔን አታናግረኝም። የእሷ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ የገበያ ነው። የምላት ሲጠፋኝ ጓንት ነፍቼ ዓይንና አፍ ሣልኩበት። ጣቶቹ ቆመው ጉንጉን ፀጉር መሰሉ። በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ጓንቱን «መድኃኒትሽን በላሽ ወይ?» አስባልኩት። ሳቀች። «አይበላም፣ ይዋጣል» ብላ አረመችው። ቀጥላ ደግሞ ለጓንቱ ጠጋ ብላ፣ እኔ ግን አልውጠውም፣ ይመራል፣ አልጋ ሥር ጫማ ውስጥ ነው የምደብቀው አለችው። እናትየው ክው አለች።

ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ እንደሚያደርግ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሦስት ወር ሙሉ የሽንቷን ቀለም አልጠየቅሁም። የጠየቀው፣ ቀለሙን ባይሆንም ዋናውን ነገር፣ ጓንቱ ነው። ሪፈሩን ቀደድኩት። መድኃኒቱን እናትየው ፊቴ እየፈጨች በማር ሰጠቻት። እኔ ግን ከዚያ በኋላም ቢሆን የልጅቷ ወዳጅ አልሆንኩም፤ በመጣች ቁጥር የምትፈልገው ጓንቱን ነበር።

ልጅ ለአሻንጉሊት የሚነግረውን ለነጭ ጋዋን አይነግርም። አሻንጉሊት አይቆጣም፣ አያዝዝም፤ ከልጁ ያነሰ ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ ልጁ ያርመዋል። አባባ ተስፋዬ ታላቅ ሰው ነበሩ፣ ግን አባባ ናቸው። ፀሐይ እኩያ ናት። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ያን ዕለት ሻይ ላይ ስከራከር አልታየኝም ነበር። ደግሞም ሰው ያረጃል፣ ፀሐይ ግን ዛሬም ስድስት ዓመቷ ነው።

ደቡብ አፍሪካውያን በ2002 እ.ኤ.አ. «ታካላኒ ሰሰሚ» በሚባለው የልጆች ፕሮግራማቸው ላይ ካሚ የምትባል፣ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ፣ እናቷ የሞተችባት አሻንጉሊት አመጡ። በዚያው ዘመን እኛ በየዎርዱ ምን እናደርግ ነበር? ልጁ እንዳይሰማ ከወላጅ ጋር በእንግሊዝኛ እንንሾካሾክ ነበር። ወላጁም እንግሊዝኛ አያውቅም።

«ድምፅዋ ቢለወጥ ፀሐይ አትሆንም» የሚሉ አሉ። ጂም ሄንሰን በ1990 እ.ኤ.አ. ሲሞት ኬርሚት የሚባለውን እንቁራሪቱን ስቲቭ ዊትማየር ተረክቦት ለብዙ ዓመት ሠርቶታል፤ ልጆቹ ለመዱት። ያጉረመረሙት ትልልቆቹ ናቸው።

ስለዚህ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ትመለስ እላለሁ። ግን እንደ ትዝታ ድግስ አይሁን። አንደኛ ነገር፣ ካልሲነቷ አይጥፋ። ስልክ ላይ እንደምናየው የሚያብረቀርቅ ካርቱን ከሆነች ከሌላው አትለይም፤ ካልሲ ግን ሰበታ ያለች እናትም ቤቷ ውስጥ ልትሰፋው ትችላለች። ሰበታ ስል ደግሞ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ትዝ አለኝ። ስለ መልኳ ይህን ያህል ስንጨነቅ እዚያ ያሉት ልጆች የሚያውቋት በድምፅዋ ብቻ ነው የሚሆነው።

ቋንቋውም አለ። ቡራዩ ውስጥ ልጆች ሲጫወቱ ስሟቸው። ዐረፍተ ነገሩ በአፋን ኦሮሞ ይጀምርና በአማርኛ ያልቃል፤ ይህን የምናስተውለው እኛ ነን እንጂ እነሱ አያስተውሉትም። ተጽፎ ያለቀን አማርኛ አፍ ላይ መለጠፍ አይበቃም። እነዚህን ልጆች የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው በእነሱ አነጋገር ቢጽፈው ነው ደስ የሚለኝ።

ማቀዝቀዣ ያለው ወዳጄ ዛሬም አዳራሹ ውስጥ አለ፤ አይቼዋለሁ። ወንድሜ፣ ማቀዝቀዣው ይገዛ፣ እኔም አዋጣለሁ። የዚያች ልጅ መድኃኒት ግን መጋዘን ውስጥም፣ እናቷ እጅ ላይም ነበረ። የጎደለው ከእናቷ እጅ እስከ ልጅቷ ጉሮሮ ያለው ነው።

አንድ ነገር ግን አንርሳ፣ ፀሐይ የእኛ አይደለችም። ፈጣሪዎቿ አሉ፤ እንመልሳት ወይስ አንመልሳት የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ያለ እነሱ ፈቃድ ስሟን ይዞ መሮጥ ነውር ነው። እኛ የምንችለው ልጆቹ እኛ ዘንድ ሲመጡ ምን እንደምናይ ጽፈን መላክ፣ እሺ ካሉም የጤናውን ክፍል ያለ ክፍያ ማገዝና በየተጠባባቂ ክፍላችን ያሉት ቴሌቪዥኖች እሷን እንዲያሳዩ ማድረግ ነው። ዛሬ ምን እንደሚያሳዩ ታውቃላችሁ፤ ትግል ነው፣ የቱርክ ፊልም ነው።

ደብዳቤውን አርቅቄዋለሁ፤ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ለመፈረም የሚፈልግ፣ ወይም «ይህ ይሰረዝ» የሚል ካለ፣ ሻይ የሚቀዳበት ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። እስክሪብቶ አለ። ልጅ ይዛችሁ ለመጣችሁ ደግሞ አንድ ካርቶን ጓንት አጠገቡ አስቀምጫለሁ።