የደፈረሰ የመኪና መብራት ስለ ማጥራት

በዘመናችን የአብዛኛው መኪና የፊት መብራት ክዳን የሚሠራው ከመስተዋት ሳይሆን ፖሊካርቦኔት ከሚባል ፕላስቲክ ስለ ሆነ፣ በፋብሪካ የተቀባው መከላከያ ሽፋን በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር እየተበላ ሲሄድ፣ መልኩ ወይቦ፣ ጥራቱም ደፍርሶ፣ ለሌሊት መንገደኛ መሪ የሆነውን ብርሃን ይጋርዳል።

ይህንንም ለማደስ የሚሻ ሰው፣ አስቀድሞ ክዳኑን በሳሙና አጥቦ፣ በዙሪያው ያለውን ቀለም በወረቀት ፕላስተር ከሸፈነ በኋላ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እያጠጣ ከ1000 ቁጥር ጀምሮ በ2000 አልፎ እስከ 3000 በየደረጃው በትዕግሥት ይፈትገው፤ ቀጥሎም በፖሊሽ ይወልውለው። ይሁን እንጂ በመጨረሻ ጨረሩን የሚመክት አዲስ ሽፋን ካልተቀባበት፣ ፕላስቲኩ ዕራቁቱን ስለሚቀር ፈጥኖ ተመልሶ ይወይባል፤ ድካሙም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የደፈረሰው ከውስጥ በኩል በተቋጠረ ጉም ከሆነ ግን ፍተጋ አይፈውሰውምና፣ ውሃ የሚያስገባው ስንጥቅ ይመርመር።